የስፖርት ሐኪም የመሆን መንገድ፦ ከመሠረቱ ምርጫ እስከ ሜዳው ዳር

ተጫዋች ወድቆ ዳኛው እጁን ሲያነሳ ቦርሳ አንጠልጥሎ የሚሮጠውን ሁሉ ሐኪም ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሯጩ ፊዚዮቴራፒስት ነው። ሐኪሙ ካለ ዓይኑን ከአወዳደቁ ላይ አይነቅልም፦ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር? ጭንቅላቱ ምን ነካ? ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ ራሱን ለመከላከል ሞክሯል ወይስ ከመሬት ሳይደርስ ራሱን ስቶ ነበር? ከዚያ በኋላ የሚመጣው ምርመራ ግማሹ እዚህ ያልቃል።

ሙያውን ከጎረቤቶቹ መለየት የሚያስፈልገው ገና ከመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም በተሳሳተ በር የሚገባ ሰው ዓመታት ያጣል። የስፖርት ሳይንስ ዲግሪ ስለ ሰውነት አሠራር፣ ስለ ልምምድ አወጣጥና ስለ አመጋገብ በደንብ ያስተምራል፤ መድኃኒት ለማዘዝ ወይም በሽታ መርምሮ ስም ለመስጠት ግን ፈቃድ አይሰጥም። «በዚህ ልጀምርና በኋላ ወደ ሕክምና እዛወራለሁ» ብሎ የሚገባ ሰው በመካከል ድልድይ እንደሌለ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። ያኔ ያለው አማራጭ እንደማንኛውም አመልካች ተወዳድሮ ሕክምናን ከመጀመሪያው መጀመር ነው። ፊዚዮቴራፒስት የራሱ ትምህርትና የራሱ ፈቃድ ያለው ሌላ ሙያ ነው። የአጥንት ቀዶ ሐኪም የተቀደደውን ይሰፋል፣ የተሰበረውን ያያይዛል። የስፖርት ሐኪም ደግሞ ያለ ቀዶ ጥገና የሚታከመውን ያክማል፤ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገውን ለይቶ ይልካል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ዛሬ ይጫወት ወይስ አይጫወት» የሚለውን ጥያቄ ይመልሳል። ከስፖርት ጉዳቶች አብዛኞቹ ቢላ የማይነካቸው በመሆናቸው ሥራ አይጠፋውም።

መጀመሪያ ሙሉ ሐኪም

አቋራጭ የለም። የስፖርት ሕክምና ከጠቅላላ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ነው። በብዙ አገሮች ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ይገባና 5 ወይም 6 ዓመት ይማራል። በአሜሪካ ግን መጀመሪያ የ4 ዓመት ዲግሪ ይጠየቃል፤ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ከዚያ ውስጥ መኖር አለባቸው። ከዚያ ኤምካት የሚባለው የመግቢያ ፈተና አለ፦ ከእረፍቶቹ ጋር 7 ሰዓት ተኩል ገደማ የሚወስድ፣ ውጤቱ ከ472 እስከ 528 የሚሰጥ። ቀጥሎ 4 ዓመት ሕክምና። በመሃል የፈቃድ ፈተናዎቹ በደረጃ ይመጣሉ። የመጀመሪያው ደረጃ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ስለሚል፣ በቁጥር የሚወዳደሩበት ሁለተኛው ደረጃ ሆኗል። ይህን ያልሰሙ ተማሪዎች አሁንም ጉልበታቸውን ሁሉ የመጀመሪያው ላይ ይጨርሳሉ።

ሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ የታወቀ ክፍተት አለ፤ ስለ ጡንቻ፣ አጥንትና መገጣጠሚያ የሚሰጠው ጊዜ አነስተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ በታተመ ጥናት ከ37 ትምህርት ቤቶች የወጡ 85 አዲስ ተመራቂዎች በዚህ ዘርፍ መሠረታዊ ፈተና ተሰጥቷቸው 70ዎቹ ማለፊያውን አላገኙም። የጉልበትና የወገብ ሕመም ደግሞ የየትኛውም ክሊኒክ የዕለት እንግዳ ነው። ስለዚህ ወደ ስፖርት ሕክምና የሚያስብ ተማሪ ክፍተቱን ራሱ መሙላት አለበት። የአናቶሚ ትምህርት በሁለተኛ ዓመት አለቀ ብሎ መዝጋት አይቻልም። ትከሻን የሚያዞሩትን አራት ጡንቻዎች፣ የጉልበትን ጅማቶች፣ የቁርጭምጭሚትን የውጭ ጅማቶች መነሻና መድረሻ በቃል ብቻ ሳይሆን በጣት መንካት መቻል አለበት። በምርጫ ከሚሰጡት የልምምድ ወራት ቢያንስ አንዱን በአጥንት ሕክምና፣ አንዱን በአካላዊ ተሐድሶ ክፍል ማሳለፍ ይበጃል።

ትልቁ ውሳኔ ስፖርቱ አይደለም

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳው ዋናው ነጥብ ይህ ነው። ብዙ ተማሪ «የስፖርት ሐኪም እሆናለሁ» ብሎ ሲወስን መንገዱን የመረጠ ይመስለዋል። በአሜሪካ ሥርዓት ግን የስፖርት ሕክምና ራሱን የቻለ ሬዚደንሲ (ከሕክምና ትምህርት ቤት በኋላ የሚሰጥ የስፔሻሊቲ ሥልጠና) አይደለም፤ ሌላ ስፔሻሊቲ ከጨረሱ በኋላ የሚጨመር የ1 ዓመት ፌሎውሺፕ ነው። አንድ ዓመት አጭር ነው። ሰውየው በዚያ ዓመት መጨረሻ ምን ዓይነት ሐኪም እንደሚሆን አብዛኛውን የሚወስነው ከዚያ በፊት የነበሩት 3 ወይም 4 ዓመታት ናቸው።

በሮቹ እነዚህ ናቸው፦ የቤተሰብ ሕክምና፣ የውስጥ ደዌና የሕፃናት ሕክምና እያንዳንዳቸው 3 ዓመት፤ የድንገተኛ ሕክምና እንደ ፕሮግራሙ 3 ወይም 4፤ አካላዊ ሕክምናና ተሐድሶ 4። ሁሉም መጨረሻ ላይ ለስፖርት ሕክምና የሚቀመጡት ፈተና አንድ ዓይነት ነው። ፈተናው አንድ ሆነ ማለት ግን ሐኪሞቹ አንድ ናቸው ማለት አይደለም።

ከቤተሰብ ሕክምና የሚመጣው ሰው ስፋት አለው። ነፍሰ ጡሯ ሯጭ፣ አስም ያለበት ዋናተኛ፣ የስኳር ሕመምተኛው ብስክሌት ነጂ፣ እንቅልፍ ያጣው ተጫዋች ሁሉም ከዚህ በፊት ያያቸው ዓይነት ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ የስፖርት ሐኪሞች በዚህ በር የሚገቡትም ለዚህ ነው። የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ በድንገተኛ ነገር ላይ እጅ መፍታት ነው፤ የወለቀ ትከሻ ለመመለስ ወይም የተዘጋ የመተንፈሻ ቧንቧ ለመክፈት በሬዚደንሲው ውስጥ የሚያገኘው ዕድል ጥቂት ነው። የድንገተኛ ሐኪሙ በተቃራኒው ሜዳ ላይ አይደነግጥም። የወለቀ ጣት፣ የተቀደደ ቅንድብ፣ የቆመ ልብ ለእሱ የሥራ ቀን ናቸው። ያልለመደው ነገር ያንኑ ሰው ለ6 ወር ተከታትሎ ማየትን ነው። የጅማት ሕመም በአንድ ቀጠሮ አይድንም፤ ልምምዱን በየሳምንቱ እያከበዱ፣ ሰውየው ሲሰለች እያበረታቱ የሚሄዱበት ነገር ነው። ከድንገተኛ ክፍል የመጣ ፌሎው (ፌሎውሺፕ ላይ ያለ ሐኪም) መጀመሪያ የሚከብደው ይህ ትዕግሥት ነው።

የሕፃናት ሐኪሙ ልጅ ትንሽ አዋቂ እንዳልሆነ ያውቃል። በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ላይ ጅማቱ ከመበጠሱ በፊት ጅማቱ የተያያዘበት የማደጊያ ንጣፍ ሊለቅ ይችላል፤ አዋቂ ላይ «ወለምታ» ተብሎ የሚታለፈው በልጅ ላይ ስብራት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዚህ በር የገባ ሐኪም ከወጣትነት ዕድሜ ያለፉትን ማየት ይቸገራል፤ የ50 ዓመት የማራቶን ሯጭ የደረት ሕመም ከሥልጠናው ውጭ ነው። የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ያን የ50 ዓመት ሯጭ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ልጆችን ግን አያይም፣ በጉልበት ምርመራም የሚጀምረው ከዝቅተኛ ነጥብ ነው። የአካላዊ ሕክምናና ተሐድሶ ሐኪም ደግሞ ነርቭ የት ላይ እንደተጫነ በኤሌክትሪክ ምርመራ ይለያል፤ አልትራሳውንድና መርፌ ከሌሎቹ በፊት ይለምዳል፤ ከጉዳት በኋላ ያለውን የማገገሚያ ዕቅድ ከፊዚዮቴራፒስቱ ጋር በአንድ ቋንቋ ይነጋገራል። ደካማ ጎኑ ጉንፋን፣ ትኩሳትና የልብ ምት መዛባት ሲመጣ ይታያል። ቡድን ይዞ የሚጓዝ ሐኪም ከወለምታ ባልተናነሰ ተቅማጥና ጉንፋን ስለሚያክም ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በእኛ ግምት ጥያቄው «የትኛው በር ወደ ስፖርት ያደርሳል» መሆን የለበትም፤ ሁሉም ያደርሳሉ። ጥያቄው «ስፖርቱ ባይሳካ በየትኛው ሙያ ደስ ብሎኝ እኖራለሁ» ነው። ምክንያቱ ተራ ነው፦ ፌሎውሺፕ ከጨረሱት ብዙዎቹ የሥራ ሳምንታቸው ውስጥ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ በመሠረታዊ ስፔሻሊቲያቸው ይሠራሉ። ሙሉ ጊዜውን ስፖርት ብቻ የሚያክም ሰው አለ፤ ግን እያንዳንዱ ሰው ያን ሥራ እንደሚያገኝ አድርጎ ማቀድ አደገኛ ነው። ድንገተኛ ክፍልን የሚጠላ ሰው «ለስፖርት መግቢያ» ብሎ ቢገባበት፣ ከፌሎውሺፕ በኋላም የሌሊት ተረኛ ሆኖ ራሱን ያገኘዋል።

መቀደድና መስፋት የሚስበው ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለው፦ 5 ዓመት የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሬዚደንሲ፣ ከዚያ 1 ዓመት የስፖርት ቀዶ ሕክምና ፌሎውሺፕ። በአሜሪካ ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ሲደመር ቀዶ ሐኪም ያልሆነው ቢያንስ 12፣ ቀዶ ሐኪሙ 14 ዓመት ነው። ሁለቱን መንገዶች በኋላ ማቀያየር ሬዚደንሲን እንደገና መጀመር ማለት ስለሆነ ውሳኔው ከሕክምና ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመት በፊት መጠናቀቅ አለበት።

የስፖርት ሕክምናን ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ያደረጉ አገሮችም አሉ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2005፣ አውስትራሊያ በ2009፣ ኔዘርላንድስ በ2014 እውቅና ሰጥተዋል፤ በሦስቱም ዋናው ሥልጠና 4 ዓመት ገደማ ነው። በብሪታንያ ከዚያ በፊት 2 ዓመት የመሠረት ሥራ፣ ቀጥሎም 2 ወይም 3 ዓመት ጠቅላላ ሥልጠና አለ። በነዚህ አገሮች የሚሠለጥን ሰው ረዘም ያለ የስፖርት ጊዜ ያገኛል፤ የሥልጠና ቦታው ግን በየዓመቱ ጥቂት ነው። አንዱ አገር የሰጠው ማዕረግ ሌላው ዘንድ እንዳለ እንደማይወሰድም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሥርዓቶቹ ስለማይገጣጠሙ አብዛኛውን ጊዜ መሠረታዊ ስፔሻሊቲው እንደገና ይመረመራል።

በኢንተርኔት የሚሰጡ ዲፕሎማዎችን በተመለከተ አንድ ቃል። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ለሐኪሞች የሚሰጠው የ2 ዓመት ዲፕሎማም ሆነ ፊፋ በነፃ የሚሰጠው የእግር ኳስ ሕክምና ዲፕሎማ ጥሩ ትምህርት ናቸው፤ የፊፋውን ገና ተማሪ ሆኖ መጀመርም ይቻላል። ስፔሻሊስት ግን አያደርጉም። በካርድ ላይ «የስፖርት ሕክምና ስፔሻሊስት» ብሎ ለማሳተም በቂ አድርጎ የሚያያቸው ሰው ከፈቃድ ሰጪው አካል ጋር ይጣላል።

ለፌሎውሺፕ ማመልከት

ማመልከቻው የሚገባው በሬዚደንሲው የመጨረሻ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። 3 ዓመት ሬዚደንሲ ካለ፣ የሚታየው ሥራ በሙሉ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት የተሠራው ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚዘገዩት፤ የመጀመሪያውን ዓመት በድካም ያሳልፉና በሦስተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ ድጋፍ የሚጽፍላቸው የስፖርት ሐኪም ይፈልጋሉ።

የፌሎውሺፕ ፕሮግራሞቹ አስተባባሪዎች የሚያዩት ነገር የተደበቀ አይደለም። ሜዳ ዳር በተከታታይ መቆየትን ይፈልጋሉ፤ ለአንድ ቀን ማራቶን መርዳት ሳይሆን አንድን ትምህርት ቤት ወይም ቡድን ሙሉ የውድድር ዘመን መከታተል። ቢያንስ አንድ ደብዳቤ ከስፖርት ሐኪም መምጣት አለበት፤ «ታታሪ ነው» ከሚል ይልቅ «ይህን ታካሚ እንዲህ መርምሮ እዚህ ደረሰ» የሚል። ያልተለመደ ጉዳት ያየ ሬዚደንት እሱን በሙያ ጉባኤ ላይ ማቅረብ አለበት፤ ትልቅ ምርምር አይጠበቅም። በመሠረታዊ ስፔሻሊቲው ደካማ የሆነ አመልካች ግን በስፖርት ፍቅር አይካስም። ስለ ራስ በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ «ከልጅነቴ ጀምሮ ስፖርት እወዳለሁ» የሚለውን አንባቢዎቹ በሺህ ጊዜ አይተውታል። ቀድሞ ተጫዋች መሆን ጥሩ ነው፤ በራሱ ግን ብቃት አይደለም። የአንድ ክለብ ደጋፊነት ፈጦ የሚታይበት ደብዳቤ ይባስ ይጎዳል፤ የሚወደውን ተጫዋች «አትጫወትም» ማለት ይችላል ወይ የሚል ጥርጣሬ ያስገባል።

አመልካቹም መጠየቅ አለበት። ሜዳ ዳር ፌሎው ብቻውን ይቆማል ወይስ የሚያስተምር ሐኪም አብሮት አለ? አልትራሳውንድ በሳምንት ስንት ግማሽ ቀን ነው፣ ፕሮቡን (ሰውነት ላይ የሚደረገውን የመሣሪያውን እጀታ) የሚይዘውስ ማነው? ስንት ቡድን፣ ስንት ቅዳሜ? የቡድኑ ስም ትልቅ የሆነበት ፕሮግራም ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። በትልቅ ክለብ ውስጥ ፌሎው ተመልካች ሆኖ ሊከርም ይችላል፤ በትንሽ ኮሌጅ ግን ውሳኔው በእጁ ነው።

አንድ ዓመት ውስጥ የሚገባው

የተለመደው ሳምንት ይህን ይመስላል፦ ጥቂት ግማሽ ቀኖች የስፖርት ክሊኒክ፣ አንድ ከአጥንት ቀዶ ሐኪም ጋር፣ አንድ በመሠረታዊ ስፔሻሊቲ ታካሚዎችን መከታተያ፣ ከሰዓት በኋላ ቡድኑ ልምምድ ቦታ፣ ቅዳሜ ጨዋታ። ትምህርቱ የሚገኘው በብዛት ከማየት ነው። ጤነኛ ጉልበቶችን በብዛት ያልዳሰሰ ሰው የላላውን አይለይም። የፊት መስቀለኛ ጅማት መበጠሱን ለማወቅ ላክማን የሚባለው ምርመራ ጉልበቱን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ አጥፎ ይሠራል፤ ጉልበቱን 90 ዲግሪ አጥፎ ከሚሠራው የመሳብ ምርመራ ይበልጣል። ጀማሪ ግን ሁለተኛውን ይመርጣል፤ እግሩ አልጋ ላይ ስለሚያርፍ ለእጅ ይቀላልና። ውጤቱ ታካሚው ጭኑን ሲያጠብቅ ጉልበቱ ጤነኛ መምሰሉ ነው።

የቁርጭምጭሚት ጉዳት ላይ የኦታዋ ሕግጋት የሚባሉት አላስፈላጊ ራጅን ይቀንሳሉ። የውስጥ ወይም የውጭ ጉብ አጥንት የኋላ ጠርዝ የታችኛው 6 ሴንቲ ሜትር ወይም ጫፉ ሲነካ ካመመ፣ ወይም ሰውየው ወዲያው እንደተጎዳም በምርመራው ሰዓትም 4 እርምጃ መራመድ ካልቻለ ራጅ ይነሳል። ስህተቱ የሚመጣው ሕመሙን ከፊት ባለው ጅማት ላይ ነክቶ «አጥንት አመመው» ሲሉ ነው። የእግሩን መሐል ውጫዊ ጠርዝ፣ የትንሿ ጣት ረጅም አጥንት የሚነሳበትን ቦታ ሳይነኩ ማለፍም የተለመደ ነው፤ ሕጉ እሱንም ይጨምራል።

በልምምድ ብዛት የሚመጣ የአጥንት መሰንጠቅ ላይ ፌሎው በቃሉ የሚይዛቸው ቦታዎች አሉ፦ የጭን አጥንት አንገት የላይኛው ጎን፣ የቅልጥም አጥንት የፊት ገጽ፣ ናቪኩላር የምትባለው የመሐል እግር አጥንት፣ የአምስተኛው ጣት ረጅም አጥንት መነሻ። እነዚህ ቦታዎች በእረፍት ብቻ ስለማይድኑ ወይም ሙሉ በሙሉ ሊሰበሩ ስለሚችሉ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ሚዛን አይታዩም። የመጀመሪያው ራጅ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው፤ ኤምአርአይ ነው የሚያሳየው። ስንጥቅ በተገኘባት ሯጭ ደግሞ ጥያቄው በአጥንቱ አያበቃም፦ የምትበላው የምታቃጥለውን ይሸፍናል? የወር አበባዋ ቀርቷል? የኃይል እጥረት ካልታረመ የዛሬው አጥንት ቢድን የሚቀጥለው ይሰነጠቃል። ወንዶቹም ከዚህ አያመልጡም፤ ምልክቱ ብቻ ይበልጥ የተሸሸገ ነው።

አልትራሳውንድ ራሱን የቻለ የእጅ ሙያ ነው። ጀማሪን የሚያሳስተው አንድ ነገር አለ፦ ሞገዱ ጅማቱን በቀጥታ በ90 ዲግሪ ካልመታው ጤነኛው ጅማት ጠቁሮ ይታያል፣ የተቀደደ ይመስላል። ፕሮቡን ትንሽ ዘንበል ሲያደርጉት ጥቁሩ ከጠፋ መቀደድ አይደለም። በመርፌ ጊዜ ደግሞ የመርፌው ጫፍ ካልታየ እጅ መቆም አለበት፤ የመርፌውን ግንድ አይቶ ጫፉ ነው ብሎ መግፋት መድኃኒቱን ከታሰበው ቦታ አልፎ ያሳርፈዋል።

ሜዳው ዳር

እዚህ እውቀት ሳይሆን ቅደም ተከተል ነው የሚለየው። ማንም ሳይነካው የወደቀና የማይመልስ ስፖርተኛ፣ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ልቡ እንደቆመ ይቆጠራል። መንፈራገጡ የሚጥል በሽታ ይመስላል፣ ማጣጣሩ የሚተነፍስ ያስመስለዋል፤ ሁለቱም ብዙ ጊዜ ደቂቃ አስበልተዋል። ያለ እርዳታ በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድል ከ7 እስከ 10 በመቶ ስለሚቀንስ፣ ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳው መሣሪያ በ3 ደቂቃ ውስጥ እንዲደርስ ተደርጎ መቀመጥ አለበት። እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 2021 ኮፐንሃገን ላይ የዴንማርኩ እግር ኳስ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን ሲወድቅ ደረቱ ወዲያው ተጫነ፣ መሣሪያውም እዚያው ሜዳ ላይ ሠራ፤ ሰውየው በሚቀጥለው ዓመት ወደ ጨዋታ ተመለሰ። ስለዚህ ፌሎው ከጨዋታው በፊት የሚያደርገው ነገር አለ፦ መሣሪያው የት እንዳለ በዓይኑ ያያል፣ ባትሪውን ይፈትሻል፣ አምቡላንሱ የሚገባበት በር መቆለፉንና ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ይጠይቃል። በር ተቆልፎ አምቡላንስ ውጭ የቆመበት ሜዳ ከሚታሰበው በላይ ብዙ ነው።

ሂት ስትሮክ የሚባለው አደገኛ የሙቀት ምት ሌላው ነው። ከ40 ዲግሪ ያለፈ የውስጥ ሙቀትና የተዛባ አእምሮ አብረው ሲመጡ ሰውየው ከአንገቱ በታች በበረዶ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ውኃው ይማሰላል፣ ሙቀቱ ወደ 39 ሲወርድ ይወጣል። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ቀጥሎ ማጓጓዝ። ሙቀቱ የሚለካው በፊንጢጣ ነው፤ በአፍ፣ በጆሮና በብብት የተለካው ዝቅ ብሎ ስለሚያሳይ ያዘናጋል። በረጅም ሩጫ መጨረሻ ላይ ግራ የተጋባ ሁሉ ግን በሙቀት ወይም በውኃ ጥም አይደለም የተመታው። በተለይ ቀስ ብሎ የሮጠ፣ በየጣቢያው የጠጣ ሰው ጨው በደሙ ውስጥ ቀጥኖበት ሊሆን ይችላል። ሶዲየሙን (በደሙ ያለውን ጨው) ሳይለኩ ተራ ግሉኮስ ወይም ሴላይን መስቀል ያባብሰዋል፤ መድኃኒቱ 100 ሚሊ ሊትር ባለ 3 በመቶ ጨው ፈሳሽ ነው።

የአንጎል መናወጥ ላይ ያለው መመዘኛ ስካት 6 በትክክል ሲሠራ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል። በሦስት ደቂቃ የጨረሰው አልሠራውም። ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም ሐኪሙ የጠረጠረው ተጫዋች በዚያ ቀን አይመለስም። በውድድሩ ዘመን መጀመሪያ የሚወሰደውን መነሻ ፈተና ሆን ብሎ ዝቅ አድርጎ የሚሠራ ተጫዋችም አለ፤ በኋላ ሲመታ ልዩነት እንዳይታይበት። ከጉዳቱ በኋላ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቀለል ያለ እረፍት፣ ቀጥሎ ደረጃ በደረጃ መመለስ ነው፤ አንዱ ደረጃ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈጃል። ሳምንት ሳይሞላ ለጨዋታ የደረሰ ሰው ካለ ከደረጃዎቹ አንዱ ተዘሏል።

መድኃኒት ቦርሳው ውስጥ

በሌላ ሕክምና ትክክል የሆነ ማዘዣ እዚህ የስፖርተኛን ሥራ ሊያሳጣ ይችላል። የዋዳ (የዓለም አቀፉ ፀረ-አበረታች መድኃኒት ኤጀንሲ) የተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ጥር 1 በአዲስ መልክ ሥራ ላይ ይውላል፤ ያምናውን የሚያስታውስ ሐኪም አደገኛ ነው። ትራማዶል የሚባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በውድድር ጊዜ ተከልክሏል። ኮርቲዞን መርፌ፣ መገጣጠሚያ ውስጥ የሚሰጠውም ጭምር፣ ከ2022 ጀምሮ በውድድር ጊዜ አይፈቀድም፤ ስለዚህ የውድድሩን ቀን ሳይጠይቁ መርፌ ማንሳት አይቻልም። የአስም መድኃኒቱ ሳልቡታሞል በመተንፈሻ በ24 ሰዓት እስከ 1600 ማይክሮግራም ይፈቀዳል፣ በየትኛውም 8 ሰዓት ውስጥ ግን ከ600 ማለፍ የለበትም። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ማንኛውንም ፈሳሽ በ12 ሰዓት ውስጥ በደም ሥር መስጠት፣ መድኃኒት ባይኖርበትም፣ በሆስፒታል ሕክምና ካልሆነ ክልክል ነው። ደክሞት የመጣ ተጫዋች «አንድ ጠርሙስ ስቀልልኝ» ሲል ይህን ያላወቀ ሐኪም እሺ ይላል። ለሕክምና የግድ የሚያስፈልግ የተከለከለ መድኃኒት ካለ ፈቃዱ አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠየቃል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚታየው እንደ ድንገተኛ ሕክምና ባሉ ውስን ሁኔታዎች ነው። ጉንፋን ላይ የሚሸጡ ድብልቅ ክኒኖች ውስጥ ያለውን ሱዶኤፌድሪን የሚባል የአፍንጫ መክፈቻ መፈተሽ ደግሞ የየቀኑ ሥራ ነው።

ከፈተናው በኋላ

ፈተናው ራሱ በደንብ ፌሎውሺፕ ለሠራ ሰው ዋናው እንቅፋት አይደለም። የበለጠ የሚያስቸግረው የመጀመሪያው የሥራ ውል ነው። ከክለብ ጋር የሚፈርም ሐኪም፣ ለመጫወት ብቁነት የመጨረሻው ቃል የእሱ መሆኑ በጽሑፍ መስፈሩን ያረጋግጥ፤ «ከአሠልጣኙ ጋር በመመካከር» የሚል ሐረግ ካለ መመካከሩ በማን ቃል እንደሚያበቃ ይጠይቅ። ለአሠልጣኙ የሚነገረው «ይጫወታል፣ አይጫወትም፣ መቼ ይደርሳል» ነው፤ የደም ውጤቱና የአእምሮ ጤናው ታሪክ ያለ ተጫዋቹ ፈቃድ አይነገርም። ጫናው ሐኪምን እስከየት እንደሚወስድ ለማየት እ.ኤ.አ. በ2009 እንግሊዝ ውስጥ በራግቢ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል፤ ተጫዋች በሐሰተኛ ደም ካፕሱል ከሜዳ እንዲወጣ ከተደረገ በኋላ የቡድኑ ሐኪም ማታለሉን ለመሸፈን ከንፈሩን ቆረጠችለት፣ ጉዳዩም እስከ ሕክምና ምክር ቤቱ ደረሰ።

የፊት መስቀለኛ ጅማቱ የተጠገነ ተጫዋች ላይ ይህ ጫና በየሳምንቱ ይመጣል። ከቀዶ ጥገናው 9 ወር ሳይሞላ መመለስ ዳግም መበጠስን በግልጽ ስለሚያበዛ፣ ወሩም መሙላት አለበት፣ የጭኑ ጉልበትም ከጤነኛው እግር ጋር ተነጻጽሮ 90 በመቶ መድረስ አለበት። ክለቡ ግን የሚቆጥረው ግጥሚያ ነው። መለኪያዎቹን ጉዳቱ በደረሰ ሳምንት ለተጫዋቹም ለአሠልጣኙም በወረቀት የሰጠ ሐኪም በሰባተኛው ወር ክርክሩ ይቀልለታል።

የኢንሹራንሱ ውል ሜዳ ዳር የሚሠራን ሥራ የሚሸፍን መሆኑም መነበብ አለበት፤ ለክሊኒክ የተገዛው ብዙ ጊዜ አይሸፍንም፣ በነፃ የተሠራውንም እንዲሁ። ከቡድን ጋር ወደ ሌላ አገር የሚጓዝ ሐኪም እዚያ ለማከም ፈቃዱ የሚያገለግለው ለራሱ ቡድን አባላት ብቻ ነው ወይስ ጭራሽ አያገለግልም የሚለውን ከጉዞው በፊት ያጣራ። ቦርሳው ውስጥ ያሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎችና የእንቅልፍ ክኒኖች ደግሞ በአንዳንድ ድንበር ላይ ዝርዝርና ደብዳቤ ይጠየቅባቸዋል፤ ያለ ወረቀት የተገኙት ይወረሳሉ፣ ይባስ ሲል ሐኪሙ ራሱ ከቡድኑ ተለይቶ ይቀራል።